በሳን ዋን ደሴቶች የካያክ ጉዞ ላይ የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሲያትል

ለጉዞ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ውኃው በሚበረታበት ሰዓት ስለ መሻገራችንና በአማርኛ ስላልተሰጠን የደኅንነት ማብራሪያ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔና ታናሽ እኅቴ ባለፈው ነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት፣ ድርጅትዎ በዋሽንግተን ግዛት ባሉት ሳን ዋን ደሴቶች ባዘጋጀው የሦስት ቀንና የሁለት ሌሊት የካያክ (ጠባብና ረጅም የቀዘፋ ጀልባ) እና የድንኳን ጉዞ ላይ ተሳትፈናል፤ ለሁለታችንም 1,480 ዶላር ከፍለናል። እንደ ተመለስን ቅሬታዬን በስልክ ባሰማም ከቢሮዎ ያገኘሁት መልስ «የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፤ ፈርማችሁ ነው የሄዳችሁት፤ ካያኩም የሌላ ድርጅት ነው» የሚል በመሆኑ፣ የደረሰብንን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

በሰጣችሁን መርሐ ግብር መሠረት ሚኒባሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሲያትል ተነሥቶ፣ ከአናኮርቲስ ወደብ በፌሪ (በማመላለሻ መርከብ) በሳን ዋን ደሴት ወዳለው ፍራይዴይ ሃርበር ተሻግረን፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከሮሽ ሃርበር በካያክ ወደ ስቱዋርት ደሴት ልንነሣ ነበር። ሚኒባሱ ዘግይቶ መጣ፤ ቦታ የተያዘልን ፌሪም አመለጠን። ቀጣዩን ጠብቀን፣ ዕቃ ጭነን፣ ውኃ ላይ የወጣነው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በየብስ ጉዞ ቢሆን ኖሮ ሦስት ሰዓት መዘግየት ለደብዳቤ የሚያበቃ ጉዳይ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በእነዚያ ደሴቶች መካከል ግን ሦስት ሰዓት ማለት ፍጹም ሌላ ባሕር ማለት ነው፤ የቅሬታዬም መሠረት ይኸው ነው።

ከሮሽ ሃርበር ወደ ስቱዋርት የሚሄድ ቀዛፊ ስፒደን ቻናልን መሻገር አለበት። በዚህ ጠባብ መተላለፊያ ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሲጎድል ደግሞ ወደ ሌላው ይጎርፋል፤ በሁለቱ መካከል ለአጭር ጊዜ ይረጋል። ከአንዱ ርጋታ እስከ ቀጣዩ ስድስት ሰዓት ያህል የሚወስድ ሲሆን፣ ጉልበቱ የሚያይለው መሐል ላይ፣ ሦስተኛው ሰዓት አካባቢ ነው። መሪያችን ራሱ እንደ ነገረን የጠዋቱ መርሐ ግብር የተያዘው ከ4 ሰዓቱ ርጋታ ጋር ተሰልቶ ነበር። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ዘግይተን ስንነሣ የተነሣነው ውኃው በበረታበት ሰዓት ላይ ነው። ይህም የሆነው ሙሉ ጨረቃ በነበረችበት ሰሞን፣ የጨረቃና የፀሐይ ስበት ተደምሮ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በሚሰፋበት ጊዜ ነው። ጀማሪ ቀዛፊ ሦስት ኖት (በሰዓት 5.5 ኪሎ ሜትር ገደማ) ከደረሰ በቂው ነው፤ የዚያ መተላለፊያ ውኃ ደግሞ ከዚያ በላይ ሊሮጥ ይችላል።

መተላለፊያው መሐል ስንደርስ ነፋሱ ከውኃው ፍሰት በተቃራኒ ይነፍስ ስለነበር ሞገዱ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሣ ጀመር። እኔና እኅቴ የተቀመጥንበት ባለ ሁለት ሰው ካያክ በጎኑ ተመትቶ ተገለበጠ። ነሐሴ ላይ እንኳ የዚያ ውኃ ሙቀት ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሰውነት ሲነካው ትንፋሽ ይቆረጣል። እኔ የወገቤን ሽፋን፣ ማለትም ውኃ እንዳይገባ ወገብ ላይ ታጥቆ የካያኩን መቀመጫ አፍ የሚዘጋውን ጨርቅ፣ በመሳቢያው ስቤ ወጣሁ። እኅቴ ግን አልወጣችም። በካያኩ ሆድ ላይ ተደግፌ እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ ትከሻዋን አገኘሁት፤ ሁለቱም እጆቿ የሽፋኑን ጠርዝ ይዳብሳሉ፤ መሳቢያው የለም። በኋላ ዳርቻ ላይ እንዳየነው፣ ከፊት ለፊቷ ወደ ውጭ መውጣት የነበረበት ብርቱካናማ መሳቢያ ከሽፋኑ ሥር ተቀብሮ ነበር። በጎን በኩል ያለውን ጨርቅ በጥፍሯ ፈልቅቃ ወጣች። ስንት ሰከንድ እንደ ቆየች ልነግርዎ አልችልም፤ ስትወጣ ግን ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር፤ ጣቶቿም ደምተው ነበር።

መሳቢያው ከሽፋኑ በላይ መሆኑን ከዳርቻው ከመነሣት በፊት በእጅ እየነኩ ማረጋገጥ በዚህ ሥራ የመጀመሪያው ግዴታ ነው። ስምንት ጀማሪዎችን የያዘው አንድ መሪ ብቻ በመሆኑና ሰዓት ሄዷል ተብሎ በመቻኮሉ፣ ይህ ለእኅቴ አልተደረገላትም። ማብራሪያውም በእንግሊዝኛ ብቻ፣ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ተሰጠ። እኅቴ ከባሕር ዳር ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ድርጅትዎን የመረጥነውም ማስታወቂያችሁ «አማርኛ ተናጋሪ ረዳት አብሮ ይጓዛል» ስላለ ነው። ረዳቱ አልመጣም፤ ለምን እንዳልመጣም የነገረን የለም። እኔ ለመተርጎም ብሞክርም ለራሴም አዲስ ነገር ስለነበር ዋናውን ነገር እንዳስቀረሁ አሁን ይገባኛል፤ ይህም እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሣኛል። ነገር ግን የማስተርጎሙ ኃላፊነት የእኔ አልነበረም፤ የተከፈለበት አገልግሎት ነው።

ስለ መሪው እውነቱን መናገር ይገባኛል። ከተገለበጥን በኋላ በፍጥነት ደርሶ ካያኩን አቃንቶ፣ ውኃውን ቀድቶ፣ ሁለታችንንም መልሶ አስገብቶናል። በሦስተኛው ቀን ኦርካዎች (ጥቁርና ነጭ ቀለም ያላቸው ትልልቅ የባሕር አጥቢዎች) ከሩቅ በታዩ ጊዜም ሁላችንንም ወደ ዳርቻ ሰብስቦ አቆመን፤ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዋሽንግተን ግዛት ሕግ ካያክን ጨምሮ ማንኛውም ጀልባ «የደቡብ ነዋሪዎች» ወደሚባሉት የአካባቢው ኦርካዎች ከ1,000 ያርድ (914 ሜትር ገደማ) ባነሰ ርቀት መቅረብ እንደማይችልም በትዕግሥት አስረዳን። ሥራውን የማያውቅ ሰው አይደለም። ብቻውን ስምንት ሰው ተሸክሞ፣ በዘገየ ሰዓት እንዲነሣ የተገደደ ሰው ነው።

በተገለበጥንባት ዕለት ሌሊት በስቱዋርት ደሴት ሪድ ሃርበር በተተከለው ድንኳን ውስጥ እኅቴ እስኪነጋ ተንቀጠቀጠች፤ የመኝታ ከረጢቷም ከልብሷ ጋር ርሶ ስለነበር የእኔን ሰጥቻት እኔ ጃኬት ለብሼ አደርሁ። አስቀድመን ያስመዘገብነው የጾም ምግብም አልተዘጋጀም፤ የቀረበው ዓሣ ስለነበረ በዳቦና በፍራፍሬ ሰነበትን። ይህኛውን ለማስታወስ ያህል ነው የጠቀስሁት።

አሁን ወደ ቢሮዎ መልስ ልመለስ። የፈረምነው ሰነድ የባሕርን ጠባይ እንደምንቀበል ይናገራል፤ እኔም ተቀብያለሁ። ነገር ግን የስፒደን ቻናል ፍሰት ድንገት የመጣብን ነገር አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር የአካባቢውን የፍሰት ሰንጠረዥ አስቀድሞ ያወጣል፤ ውኃው መቼ እንደሚረጋና መቼ እንደሚበረታ ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ማየት ይችላል። እኔ ጣና ዳር ነው ያደግሁት፤ ታንኳ ቀዛፊዎቹ ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት አውቀው፣ ጭነታቸው ቢበላሽ እንኳ፣ ዳር ላይ ሲጠብቁ እያየሁ። ያለ ሰንጠረዥ እነርሱ የሚጠነቀቁትን ያህል ሰንጠረዥ በእጁ ያለ ድርጅት ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

መጠበቅም ከባድ አልነበረም። ቀጣዩ ርጋታ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ነበር፤ በነሐሴ መጀመሪያ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ሮሽ ሃርበር ላይ ሦስት ሰዓት ተቀምጠን፣ ማብራሪያውን በወጉ ሰምተን፣ ዳርቻው አጠገብ መገልበጥንና መውጣትን ተለማምደን፣ በብርሃን መሻገር እንችል ነበር። የዘገየው ሚኒባስ የእናንተ ነው፤ የቀረው ረዳት የእናንተ ነው፤ ገንዘቡንም የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ጉዳዩን ወደ ካያክ አከራዩ መግፋት ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ከዚህ በላይ በተገለጸው ምክንያት ከከፈልነው ገንዘብ ግማሹ፣ ማለትም 740 ዶላር፣ እንዲመለስልን እጠይቃለሁ። ከገንዘቡ ይልቅ አጥብቄ የምጠይቀው ግን የሚከተለውን በጽሑፍ እንዲያረጋግጡልኝ ነው፦ የመነሻ ሰዓት ሲያልፍ መሻገሩ እስከ ቀጣዩ ርጋታ እንደሚቆይ ወይም እንደሚሰረዝ፤ አማርኛ ተናጋሪ ረዳት ካልተገኘ ጉዞው እንደማይካሄድ፤ እያንዳንዱ ተጓዥም ከመነሣቱ በፊት ከሽፋኑ መውጣትን በተግባር እንደሚለማመድ። በመስከረም መጨረሻ ሌላ ቡድን ለመላክ እየመዘገባችሁ መሆኑን ከማስታወቂያችሁ አይቻለሁ፤ ከተመዝጋቢዎቹም አንዳንዶቹ የማውቃቸው እናቶችና ልጆች ናቸው። ስለዚህ መልስዎ ያ ቡድን ከመነሣቱ በፊት እንዲደርሰኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የረዳቱን ነገር የሚገልጸውን ማስታወቂያ፣ የከፈልንበትን ደረሰኝና የእኅቴን ሽፋን ፎቶግራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የጉዞው ደንበኛ