የናቫሆ ምንጣፍ የፈውስ ሥርዓት ዕቃ አይደለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የደቡብ ምዕራብ አሜሪካ ነባር ሕዝብ በሆኑት በናቫሆዎች ሃይማኖታዊ ምስሎች ስላጌጠ አንድ ጥንታዊ የሱፍ ምንጣፍ በባህል ገጻችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የምንጣፉ ውበት በሚገባ ተገልጿል። ይሁን እንጂ «የፈውስ ሥርዓት ሲከናወን ይነጠፍ የነበረ» ተብሎ መቅረቡ ስህተት በመሆኑና ጉዳዩም የአንድን ሕዝብ እምነት የሚነካ በመሆኑ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በሥርዓቱ ላይ የሚያገለግለው የአሸዋ ሥዕል ነው። ፈዋሹ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ ሆጋን በሚባለው ባህላዊ ቤት ወለል ላይ፣ የተፈጨ ባለቀለም ድንጋይና ከሰል በጣቶቹ መካከል በቀጭኑ እያፈሰሰ የቅዱሳን ፍጡራኑን ምስል ይሠራል፤ ታማሚው በሥዕሉ ላይ ይቀመጣል፤ ፈውሱ ሲያበቃም ሥዕሉ ፈርሶ አሸዋው ከቤት ይወጣል። መፍረሱ የሥርዓቱ አካል ነው። በዚህ ምክንያት ምስሉን በማይፈርስ ሱፍ ላይ ማስቀረት ለብዙ ናቫሆዎች አስፈሪ ድፍረት ነበር፤ እንዲህ ያደረገ ሸማኔ ይታመማል ወይም ዓይኑ ይጠፋል ብለው የሚሰጉም ነበሩ።

ይህን ድንበር በይፋ በመሻገሩ በስፋት የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1937 የኖረው ሆስቲን ክላ ነው። ክላ በአንድ በኩል የተከበረ ፈዋሽ፣ በሌላ በኩል ደግሞ በአብዛኛው የሴቶች ሙያ በሆነው ሽመና የተካነ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ገደማ የአሸዋ ሥዕል ምስሎችን በትልልቅ የሱፍ ሥራዎች ላይ መሸመን የጀመረው፣ የቀደምቶቹ ዕውቀት ከፈዋሾቹ ጋር አብሮ እንዳይጠፋ በመስጋት ነበር፤ የእህቱን ልጆችም አስተምሯል። ከአሜሪካዊቷ ባለጸጋ ከሜሪ ካቦት ዊልራይት ጋር በኒው ሜክሲኮ፣ ሳንታ ፌ ከተማ የመሠረተው ሙዚየም እሱ ባረፈበት በዚያው ዓመት ተከፍቷል። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ1977 የፈዋሾችን ንዋያተ ቅድሳት ለናቫሆዎች መልሷል። የክላን የሱፍ ሥራዎች ግን ማንም የሥርዓት ዕቃ አድርጎ አልቆጠራቸውም።

ጋዜጣው ያሳየው ምንጣፍ ደግሞ ከዚህም ቀለል ያለው ዓይነት ነው። ረጃጅምና ቀጫጭን ሆነው ፊት ለፊት የቆሙት ምስሎች ዬይ የሚባሉት ቅዱሳን ፍጡራን ናቸው፤ በሦስት ጎን የሚከብባቸው ቀስተ ደመና ጠባቂያቸው ነው። ይህን መሰሉ ምንጣፍ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በተለይ በናቫሆዎች ምድር በሚገኙት በሺፕሮክና በሉካቹካይ አካባቢ ለገበያ ሲሸመን ቆይቷል። ከዚያ በፊት ናቫሆዎች ይሸምኑ የነበረው በዋናነት የሚለበስ ብርድ ልብስ ነበር፤ ወለል ላይ የሚነጠፈውን ወፍራም ምንጣፍ ያስፋፋው ከሸማኔዎቹ ይገዙ የነበሩት የአካባቢው የንግድ መደብሮች ፍላጎት ነው። ለሽያጭ መሠራቱ ግን የሸማኔዋን ጥበብ በምንም መልኩ አያሳንሰውም፤ እንዲያውም ልጆቿን ያሳደገችበት ሥራ መሆኑ ክብሯን ከፍ የሚያደርግ ይመስለኛል።

በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝ ስለ ሸማኔዋ አንድም ቃል አለመነሳቱ ነው። ምስሉ የናቫሆ መሆኑ ምንጣፉን የናቫሆ ሥራ አያደርገውም፤ በሌላ አገር ተመስሎ የተሸመነም ብዙ ነው። ለመለየት ጠርዙን ቀርቦ ማየት ይጠቅማል። የናቫሆ ሸማኔ ድሩን ሳትቆርጥ በቋሚው መሸመኛ ላይ ሽቅብና ቁልቁል እየመለሰች ስለምትዘረጋው፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር ምንጣፉ አራቱንም ጠርዝ ይዞ ያልቃል እንጂ የተቆረጠ የድር ክር ከጫፉ አይንጠለጠልም። ብርሃን ላይ ሲታይም ብዙ ጊዜ በሽመናው ውስጥ ቀጫጭን ሰያፍ መስመሮች ይገኛሉ፤ ምክንያቱም ከዳር እስከ ዳር በአንድ ጊዜ ከመሸመን ይልቅ ከፊሉን ከፍ አድርጋ ሠርታ ወደሚቀጥለው ትዘዋወራለች። በጋዜጣው ፎቶግራፍ ላይ ጠርዙ ስላልታየ አንባቢ ይህን ሊፈርድ አልቻለም።

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው ሕግ፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ ያልሠራውን የእነርሱ ሥራ ነው ብሎ ለሽያጭ ማቅረብ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት እንኳ እስከ 250,000 ዶላር መቀጮና እስከ አምስት ዓመት እስራት ሊያስከትል ይችላል። ሕጉ ሻጭን እንጂ ጋዜጣን አይመለከትም፤ ነገር ግን የናንተን ምስክርነት አምኖ የሚገዛ ሰው እንደሚኖር ልታስቡበት ይገባል።

ስለሆነም «የፈውስ ሥርዓት ምንጣፍ» የሚለው አገላለጽ በሚቀጥለው ዕትም እንዲታረም፣ ባለቤቱም ፈቃደኛ ከሆኑ የምንጣፉ የጀርባና የጠርዝ ፎቶግራፍ፣ የሸማኔዋ ስም ከተመዘገበም ስሟ ጭምር አብሮ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ