የገና ዋዜማ ቆጠራ

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ለተከበሩ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ሁላችንም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በገና ዕለት በስልክ «ብዙ ድምፅ ያገኘ ሰው ተሸንፎ የሚቀርበት አገር እንዴት ዴሞክራሲ ይባላል?» ብለው የጠየቁኝን፣ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ስለ ነበር በቅጡ ሳልመልስልዎ ቀረሁ። ባለፈው ጥቅምት በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ያሸነፉት ዶናልድ ትራምፕ በድምፅ ብዛትም ስለ በለጡ ጥያቄው የዘንድሮ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ደሴ ቤታችን፣ ማታ ማታ ራዲዮውን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው የአሜሪካ ድምፅን ሲያዳምጡ እኛ ልጆች ትንፋሻችንን ውጠን እንቀመጥ ነበር። ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት አል ጎር በመላው አገሪቱ ከተፎካካሪያቸው ከጆርጅ ቡሽ ከግማሽ ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ ቢመሩም የፍሎሪዳን ክፍለ ግዛት በ537 ድምፅ አጡ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ5 ለ4 ውሳኔ ዳግም ቆጠራውን ሲያስቆም፣ እርስዎ ራዲዮውን ዘግተው «ይህስ ፍርድ አይደለም» አሉ።

እዚህ መጥቼ እንደ ተረዳሁት፣ አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታቸውን የሚመርጡት በአንድ ምርጫ ሳይሆን በ50ዎቹ ክፍለ ግዛቶችና በዋና ከተማዋ በተናጠል በሚካሄዱ 51 ምርጫዎች ነው። እንደ እኛ አገር ምርጫውን የሚያስፈጽም አንድ ብሔራዊ ቦርድ የለም፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት በራሱ ሕግ ያስመርጣል፣ ራሱ ይቆጥራል። በክፍለ ግዛቱ አንደኛ የወጣው ሰው፣ ከሜይንና ከነብራስካ በቀር፣ ለዚያ ስፍራ የተመደቡትን ወኪል መራጮች፣ ማለት በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡትን ሰዎች፣ ጠቅልሎ ይወስዳል። ወኪሎቹ በጠቅላላው 538 ናቸው፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ወደ 39 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ካሊፎርኒያ 54 ወኪሎች ሲኖሯት፣ ከ600 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ያላት ዋዮሚንግ 3 አሏት፤ ስለዚህ የአንዱ ሰው ድምፅ ከሌላው ሰው ድምፅ ጋር እኩል አይመዝንም። ሂላሪ ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ2016 ከ2.8 ሚሊዮን በሚበልጥ ድምፅ መርተው የተሸነፉት በዚሁ ቀመር ነው። ይህን ፍትሐዊ ነው ብዬ ልሟገትልዎ አልችልም። ቀመሩ እ.ኤ.አ. በ1787 ሲወጠን ትንንሾቹ ግዛቶች እንዳይዋጡ ተብሎ ብቻ አልነበረም፤ ደቡቦቹ ድምፅ የመስጠት መብት የሌላቸው ባሮቻቸው እያንዳንዳቸው እንደ ሦስት አምስተኛ ሰው ተቆጥረውላቸው ክብደታቸው እንዲጨምር ስለ ጠቀማቸውም ጭምር ነው።

ሆኖም ባለፈው ጥቅምት 26 ቀን ያየሁትን ልንገርዎ። እኔ ገና ዜግነት ስለሌለኝ አልመርጥም፤ ዜግነት ያገኙት የደብረ ማርቆስ ተወላጅ አረጋዊት ጎረቤቴ ግን እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይችሉ ረዳት ይዘው መግባት ይፈቀድላቸዋልና አብሬያቸው ገባሁ። ምርጫው የሚካሄደው በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነበር። ስማቸውንና አድራሻቸውን ተናግረው ወረቀቱን ተቀበሉ፤ ከዚያም መነጽራቸውን አድርገው፣ እስክሪብቶውን እንደ ጥልፍ መርፌ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ ትንሿን ክብ ከመስመሯ ሳያወጡ ቀስ ብለው አጠቆሯት። ወረቀቱን ለማሽኑ ሲያጎርሱት በላዩ ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ጨመረ። «የእኔ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ የእርስዎ ነው» አልኋቸው፤ እስኪወጡ ድረስ ደጋግመው ዞር እያሉ ቁጥሩን ያዩት ነበር። ማንን እንደ መረጡ አይቻለሁ፤ ለማንም ላልናገር ፈርሜያለሁና ለእርስዎም አልጽፍም።

አባባ፣ በጣም ያስጨነቀኝ ግን የድምፁ ሒሳብ ሳይሆን የተሸናፊው ነገር ነው። ወኪል መራጮቹ የሰጡት ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 6 ቀን በኮንግረስ፣ ማለት በሕግ አውጪው ምክር ቤት፣ ፊት ይቆጠራል፤ ይህም የእኛ የገና ዋዜማ ነው። ጉባኤውን የሚመራው ምክትል ፕሬዚዳንቱ ነው። እርስዎ ራዲዮውን በዘጉበት ዓመት ምክትል ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው አል ጎር ስለ ነበሩ፣ በዚያ የገና ዋዜማ ከመድረኩ ቆመው የገዛ ደጋፊዎቻቸውን ተቃውሞ ሕጉ የሚጠይቀው የሴናተር ፊርማ የለውም ብለው ውድቅ አደረጉ፤ ቀጥለውም 271 ለ266 መሸነፋቸውን በራሳቸው አንደበት አነበቡ።

በ2013 ዓ.ም. የገና ዋዜማ፣ እዚህ ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ፣ ለዶሮ ወጡ ሽንኩርት እያቁላላሁ ቴሌቪዥኑን ስከፍት የትራምፕ ደጋፊዎች የኮንግረሱን ሕንፃ መስኮት እየሰበሩ ይገቡ ነበር። ጆ ባይደን በሰባት ሚሊዮን ድምፅ በልጠዋል፤ በ11,779 ድምፅ ያሸነፉበት የጆርጂያ ውጤትም በእጅ ጭምር እንደገና ተቆጥሮ ጸንቷል፤ ትራምፕ ግን መሸነፋቸውን አልቀበልም ብለው ነበር። ወደ 140 የሚሆኑ ፖሊሶች ተጎዱ። እኔም ሽንኩርቱ እስኪያር ድረስ ቆሜ አየሁ፤ በዓይኔ የመጣው የዋሽንግተን ሳይሆን የ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ መንገድ ነበር። ግንቦት 7 ቀን ገና ሳይነጋ ተሰልፈው ድምፅ ሰጥተው ከሰዓት በኋላ ደክሞዎት፣ ግን ፊትዎ በርቶ ሲመለሱ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ በኋላ የፈሰሰውንም ደም እናውቀዋለን። ሆኖም የዚህ አገር ጉባኤተኞች ከተደበቁበት ወጥተው፣ በተሰበረ መስታወት ላይ ተራምደው ተመልሰው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቆጠራውን ጨረሱት።

ዘንድሮም በዋዜማው በረዶ እየጣለ ቁጭ ብዬ ተከታተልሁ። የትራምፕ ተፎካካሪ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንቷ ካማላ ሃሪስ 312 ለ226 መሸነፋቸውን ድምፃቸው ሳይንቀጠቀጥ አነበቡ፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አለቀ። እፎይ አልሁ፤ ግን እንደ ድሮው በሙሉ ልቤ አይደለም። ይህ ሥርዓት ለተሸናፊው ሰው ጨዋነት ይህን ያህል የተተወ መሆኑን ከአራት ዓመት በፊት አይቻለሁና፣ ጨዋነቱ አንድ ቀን ሲጎድል ማን እንደሚተካው አላውቅም።

የዜግነት ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ እግዚአብሔር ከፈቀደ በ2021 ዓ.ም. ጥቅምት እኔም ያንን ክብ አጠቁራለሁ። እስከዚያ ግን አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እለምንዎታለሁ። ያን ማታ «ይህስ ፍርድ አይደለም» ሲሉ አል ጎር እምቢ ማለት ነበረባቸው ማለትዎ ነበር? ዛሬስ እንደዚያው ያስባሉ? እህቴ ብዕር ይዛ እርስዎ እየተናገሩ ትጻፍልኝ።

ጉልበትዎን ስሜ እሰናበታለሁ፤
ልጅዎ