ደብዳቤ ለልጄ፦ ለሐኪሙ ንገረው

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላባራም፤ አዌቱ ወንዝ ሞልቶ ይጮኻል። እናትህ ግን ሰሞኑን እንቅልፍ አጥታለች። የአክስትህ ልጅ ቢሾፍቱ አግኝቶህ የነበረውን ሁሉ ነግሮናል። ከበረራ ስትወርድ ጆሮህን ይዘህ ትቀመጣለህ አሉ። ጉንፋኑም አልለቀቀህም። ለሐኪም ያልተናገርከው ከበረራ ያግዱኛል ብለህ ነው አሉ።

ለሐኪሙ ንገረው። ዛሬውኑ ንገረው።

እኔ አብራሪ አልነበርኩም፤ ግን ሐረር ሜዳ አየር ኃይል ግቢ አውሮፕላን ጠግኜ አውቃለሁ። አውሮፕላን ሲወርድ የአየሩ ግፊት ይጨምራል። አፍንጫህና ጉሮሮህ በጉንፋን ከተደፈኑ ጆሮህ ውስጥ ያለው አየር ከውጪው ጋር አይመጣጠንም። ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። ራስህንም ያዞርሃል። መሬት ላይ ቢያዞርህ ግድግዳ ትይዛለህ፤ እዚያ ላይ ምን ትይዛለህ?

ጀግና አያማርርም ብለህ እንደሆነ፣ ስለ ጀግና ልንገርህ። የአብራሪውን የለገሰ ተፈራን ታሪክ በልጅነትህ ስንት ጊዜ አወራሁህ! አንተ የምትወደው የ1969ኙን ክረምት ነበር። ሶማሊያ ስትወረን በኤፍ-5 ተዋጊ ጄት ተነሥቶ ሚግ አውሮፕላኖቿን ኦጋዴን ሰማይ ላይ መምታቱን። እዚያ ስንደርስ ትጨበጭብና ልትጫወት ትሮጣለህ። ቀሪውን አንድም ቀን በደንብ አልሰማኸኝም።

አሁን ስማኝ። የእሱም አውሮፕላን ከምድር በተተኮሰ ተመታ። አልሆን ሲል ጥሎት ዘለለ። ተማረከ። አሥራ አንድ ዓመት ሶማሊያ ታሰረ። በ1980 ሁለቱ መንግሥታት ሲስማሙ ነው ወደ አገሩ የገባው። የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግና ሜዳይ ተሸለመ፤ ብርጋዴር ጄኔራልም ሆነ። ለምን ዘለልክ ያለው ሰው የለም።

እኔ ያኔ አዲስ ቴክኒሺያን ነበርኩ። ግቢው ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከድሮዎቹ የነበሩ አንድ አለቃችን እንባቸው እየወረደ "ብረቱ ቀረ፣ ልጁ መጣ" አሉ። እኒያ ሰው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስንም አስብ። በደርግ ጊዜ ተማርኮ ተፈታ፤ ተመልሶ በረረ። በ1990 አሥመራ ላይ እንደገና ተመትቶ ወደቀ፣ ዳግም ተማረከ። ቤቱ አልተመለሰም። እናትህ ስሙ በሬዲዮ በተነሣ ቁጥር ሥራዋን ትታ የምትቀመጠው ለምን ይመስልሃል? ጦርነት ያመጣውን ማንም አይመልሰውም። ጉንፋን ግን ይታከማል። ለሐኪሙ ንገረው።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ጅማ የገባሁት ባዶ እጄን ነው። ከዚያ ወዲህ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የአይሱዙ መኪና ሞተር ስፈታ ኖርኩ። ሥራው ክፉ አልነበረም፣ አሳድጎሃል። ግን አባ ሰጉድ አየር ማረፊያ የሚያርፍ አውሮፕላን ስሰማ ዛሬም መፍቻዬን አስቀምጬ ቀና እላለሁ። የጄት ነዳጅ ሽታ ይናፍቀኛል፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አንተ ያንን ዩኒፎርም ለብሰህ ስትመጣ የቀረብኝ ሁሉ የተመለሰልኝ መሰለኝ። ምናልባት ይህን ዓይኔ ላይ አይተኸው ይሆናል። ለእኔ ብለህ ከሆነ ሕመምህን የምትደብቀው፣ እኔ አልጠየቅኩህም። አንድ ወር ከበረራ ብትቀር ልጄነትህ አይቀንስም። ጨርሰው ቢያስቀሩህም አይቀንስም። ደብቀህ ብትወጣ ግን አዝንብሃለሁ፤ እቆጣሃለሁም።

የጉንፋን ክኒን ከፋርማሲ ገዝተህ እየዋጥክ እንዳትበር፤ እንቅልፍ ያመጣል። ቁርስ ሳትበላ፣ ውሃ ሳትጠጣ አትውጣ። በበረራ ላይ በጠባብ ስትታጠፉ ደም ወደ እግር ይወርዳል፤ የደከመ ሰው ዓይኑ ቶሎ ይጨልምበታል። ይህን መምህሮችህ ነግረውሃል፣ አውቃለሁ። እኔም ልንገርህ።

እናትህ ማር፣ የተቆላ ቡናና ሹራብ ልካልሃለች። ረቡዕ ከሚመጣው ሹፌር ተቀበል፤ ማሩ እንዳይፈስ ቀጥ አድርገህ ያዘው። ግማሹን ለጓደኞችህ ስጥ። እሑድ ማታ ደውል። እናትህ ስለ ምግብ ትጠይቅሃለች፣ እኔ ግን ሐኪሙ ምን እንዳለህ ነው የምጠይቅህ።

አባትህ
ጅማ