ለቅሶ ላልደረስኩለት ወንድሜ

እንዴት ነህ ወንድሜ? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው?

ሦስት ዓመት መጥፋቴን ሥራ በዛብኝ ብዬ አልሸፍነውም። አባባ ሲያርፉ ለቅሶ አልደረስኩም። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ። ከዚያ ስምህን ስልኬ ላይ ባየሁ ቁጥር እያፈርኩ ዝም አልኩ። እውነቱ ይሄ ነው።

አሁን ያስጻፈኝ ድንጋይ ነው። ባለፈው ወር ለሥራ ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ሄጄ ነበር። እዚያ ዶሚኒክ ቤንሁራ የሚባለውን ቀራፂ ሥራዎች አሳዩኝ። አባባ ቢያዩዋቸው ምሳቸውን ይረሱ ነበር።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1968 ሙሬዋ በሚባል ገጠር ተወለደ። አባቱ የሞቱት እሱ ሳይወለድ ነው። በ10 ዓመቱ ሐራሬ ዳር፣ ታፋራ ወደሚኖሩ ዘመዶቹ መጣ። የአጎቱ ልጅ ታፕፉማ ጉትሳ ስም ያለው ቀራፂ ነው፤ ልጁም የሱን ድንጋዮች በማለስለስ ጀመረ። እኛስ? አባባ መሮ እስኪያስይዙን ስንት ክረምት ፍንካች አስለቀሙን! በኋላ ቻፑንጉ በተባለው የቅርፃ ቅርፅ ፓርክ ሠራ፤ ስሙም ባሕር ተሻገረ።

እኔን የገረመኝ ግን ፊት አለመሥራቱ ነው። እናት የልጇን ሁለት እጅ ይዛ ታሽከረክረዋለች። የልጁ እግር አየር ላይ ነው። ዓይን የለ፣ አፍ የለ፤ ጭንቅላቷ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ወገቧ ወደ ኋላ ተለጥጦ ስታይ ግን እየሳቀች እንደሆነ ታውቃለህ። ሦስት ጊዜ ዞርኳት።

(ፊት ሲሠራ ደግሞ አልቀናውም። እ.ኤ.አ. በ2016 የሠራው የሙጋቤ ሐውልት ኢንተርኔት ላይ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ፎቶውን አይቼ እኔም ስቄያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ።)

ድንጋዩን ስፕሪንግስቶን ይሉታል። ጠንካራ ነው፤ ከላይ ዝገት የመሰለ ቅርፊት አለው። አንድ ወጣት ጥግ ላይ ተቀምጦ ውሃ እያርከፈከፈ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። ፈትጎ ሲጨርስ ግራጫ ነበር፤ ምንም አይልም። ከዚያ በእሳት አሞቀውና ሰም ቀባው። ወንድሜ ሙት፣ ዓይኔ እያየ ጠቆረ! በጎመን ዘር እንደታሰሰ ምጣድ አብለጨለጨ። ቅርፊቱን ሆን ብለው የተዉበት ቦታ ግን እንደሻከረ ቀረ። አባባ ጥርባቸውን ሲጨርሱ አንዷን ጎን ሳይነኩ የሚተዉት ትዝ ይልሃል? ያኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር።

ከዚያው ፍንካች ለምኜ አምጥቻለሁ። መዳፍ ታህላለች። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይዤያት እመጣለሁ። ብትቆጣኝም ተቆጣኝ፣ እማማ ግን በሩን ይክፈቱልኝ።

የአባባ መዶሻስ አለች? ያቺ እጀታዋን በከመነዳሪ የጠመጠሙላት?