መቀደስና መመረቅ ለየቅል ናቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዓለም አቀፍ ዜና ገጻችሁ ስለ ባርሴሎናው ሳግራዳ ፋሚሊያ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ጀምሬ በቅሬታ ጨረስኩት። ጽሑፉ ሕንፃውን «እስከ ዛሬ ያልተመረቀ ካቴድራል» ይለዋል፤ ቀጥሎም ግንባታው ሲያልቅ «በይፋ ለአምልኮ እንደሚበቃ» ይነግረናል። በእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ስላሉ፣ አንባቢ እንደያዛቸው እንዳይቀር ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ግድ ሆነብኝ።

ቀለል የሚለውን ላስቀድም። ካቴድራል ማለት የሀገረ ስብከቱ ጳጳስ መንበር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ነው። በባርሴሎና ይህ ማዕረግ የቅዱስ መስቀልና የቅድስት ኡላሊያ ሲሆን፣ እርሱም በአሮጌው የከተማው ክፍል የሚገኝ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሳግራዳ ፋሚሊያ፣ በእኛ አነጋገር ቅዱስ ቤተሰብ፣ ባዚሊካ ነው፤ ይህም የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለታላላቅ አብያተ ክርስቲያናት የሚሰጡት የክብር ማዕረግ ነው። ግዝፈቱን ያየ ሰው ካቴድራል ቢለው አልፈርድበትም፤ እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስጠራው ነበር።

ዋናው ነገር ሌላኛው ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን የተቀደሰው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2010፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 2003 ዓ.ም. እሑድ ዕለት፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ እጅ ነው። የባዚሊካነት ማዕረጉንም ያገኘው በዚያው ቀን ነው። ሥርዓቱን በቴሌቪዥን ተከታትዬው ስለነበር አንድ ትዕይንት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። 6,500 ያህል ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ አረጋዊው አባት ቅብዐ ሜሮኑን በመሠዊያው ላይ ካፈሰሱ በኋላ፣ በመዳፋቸው እያሹ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር ቀቡት። ግድግዳዎቹም ተቀቡ፤ በመሠዊያው ላይ ዕጣን ጨሰ፤ ከዚያም መነኮሳይያት ቀርበው የፈሰሰውን ቅባት በጨርቅ አበሱና መሠዊያውን አለበሱት። ሴቶቹ ለጽዳት ብቻ ታዩ በሚል ይህ ምስል በስፔን ክርክር አስነሥቶ እንደነበርም አስታውሳለሁ። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያንን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርገው ይህ ቅብዓትና በላዩ የሚቀርበው መሥዋዕተ ቅዳሴ ነው እንጂ የማማው ቁመት አይደለም።

«ያላለቀ ሕንፃ እንዴት ይቀደሳል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና አዲስ ቤተ ክርስቲያን ግንባታው በአግባቡ ሲፈጸም ሳይዘገይ እንዲቀደስ ያዝዛል። በባርሴሎና በ2010 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተፈጸመው ውስጡ ነው። የመጀመሪያው ድንጋይ በ1882 በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ከተቀመጠ በኋላ፣ ከወለሉ በታች ያለው ጸሎት ቤት ከ1885 ጀምሮ ሲያገለግል፣ ዋናው አዳራሽ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ጣሪያ ነበር። በ1883 ሥራውን የተረከበው አርክቴክት አንቶኒ ጋውዲ በ1926 በትራም ተገጭቶ ሲሞት ከሕንፃው ሩብ ያህሉ እንኳ አልቆመም ነበር። በአለባበሱ ምክንያት ለማኝ መስሏቸው ማንነቱን ሳያውቁ ነበር ወደ ሆስፒታል የወሰዱት። ከአሥር ዓመት በኋላ የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የጸሎት ቤቱ ተቃጠለ፤ የጋውዲ የጄሶ ሞዴሎችም ተሰባበሩ። በኋላ የመጡት አርክቴክቶች ስብርባሪውን እየለቀሙና እየገጣጠሙ፣ በመጨረሻም ኮምፒውተር እያገዛቸው፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጡትን ዓምዶች አቁመው ጣሪያውን የዘጉት ለዚያ በዓል ሲቃረብ ነው። በዚህ ላይ ቤተ መቅደሱ ከጅምሩ በምእመናን ምጽዋት እንዲሠራ የታሰበ ስለነበር፣ ገንዘብ በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቀዘቅዝ ነበር። ዛሬ ግን የጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ ዋናው የገቢ ምንጭ ሆኗል።

እንግዲህ ውስጡ ተቀድሷል፤ የቀረው የውጭው ሥራ ነው። በዕቅዱ መሠረት 18 ማማዎች አሉ፤ 12ቱ ለሐዋርያት፣ አራቱ ለወንጌላውያን፣ አንዱ ለእመቤታችን፣ ከሁሉ የሚረዝመው ደግሞ ለኢየሱስ ክርስቶስ የተሰየሙ ናቸው። የዚህ የመጨረሻው ቁመት 172.5 ሜትር እንዲሆን የታቀደው፣ የሰው ሥራ እግዚአብሔር ከሠራው በከተማው ካለው ከሞንጁዊክ ኮረብታ እንዳይበልጥ ጋውዲ ስለፈለገ ነው። ይህ ማማ በ2025 ከጀርመኑ የኡልም ቤተ ክርስቲያን በልጦ ሕንፃውን በዓለም ረጅሙ ቤተ ክርስቲያን ሲያደርገው፣ ከታች ባለው መሠዊያ ላይ ቅዳሴ መቀደስ ከጀመረ 15 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ማማ ሲጨመር ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና አይቀደስም፤ አዲሱ ክፍል ይባረካል እንጂ። በቀኖናው መሠረት አንድ ቤተ ክርስቲያን ቅድስናውን የሚያጣው አብዛኛው ክፍሉ ሲፈርስ ወይም ለዘለቄታው ለዓለማዊ አገልግሎት ሲውል ነው።

ከመንገዴ ሳልወጣ አንድ ነገር ላንሣ። «በይፋ» የሚለው ቃል የማዘጋጃ ቤት ወረቀትን ለማለት ተጽፎ ከሆነ፣ ነገሩ ከታሰበው በተቃራኒ ነው። በ1885 ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት የቀረበው የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ መልስ ሳያገኝ ቀርቶ፣ ፈቃዱ የተሰጠው በ2019 ነው። ስለዚህ ሜሮኑ ከማኅተሙ ዘጠኝ ዓመት ቀድሟል።

የቃል ምርጫውም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ምረቃ ከምርቃት ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል መሆኑ አይጠፋኝም፤ ይሁን እንጂ ዛሬ «ተመረቀ» ስንል በሰሚው ዓይን የሚመጣው ሪባን የተቆረጠለት ድልድይ ወይም ፋብሪካ ነው። ለቤተ ክርስቲያን አማርኛችን «ቅዳሴ ቤት» የሚል የቆየና የጠራ ቃል አለው። ሰባት መቶ ገጽ መዝገበ ቃላት ሳያገላብጥ ማንም አንባቢ ይረዳዋል። ጽሑፉን ያዘጋጀው ጋዜጠኛ የውጭውን ዜና ሲተረጉም ይህን ቃል ቢያስታውስ ኖሮ፣ ቅዳሴ ቤቱ ከዓመታት በፊት የተከበረለትን ቤተ ክርስቲያን ያልተቀደሰ አያደርገውም ነበር።

በሚቀጥለው እትም ሁለቱን ነጥቦች፣ ማለትም ሕንፃው ካቴድራል ሳይሆን ባዚሊካ መሆኑንና በ2010 መቀደሱን፣ በእርማት ዓምዳችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የጋዜጣችሁ የዘወትር አንባቢ