የቆቦ ሜዳዋ ጉብታ ተቆፍራ ሳታልቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቆቦ ሜዳ ተወልጄ ያደግሁ፣ ዛሬም እዚያው ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእርሻችን መካከል ብቻዋን የቆመች አንዲት ጉብታ ለገረጋንቲ እየተቆፈረች ልታልቅ በመቃረቧ ነው።

ወሎን በተራሮቹ የሚያውቅ አንባቢ፣ አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በቆመበት አገር ስለ ጉብታ መጻፍ ምን ይሉታል ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከምዕራቡ ደጋና ከምሥራቁ የዞብል ተራራ መካከል ያለው ሜዳችን እንደ ሰፌድ የተዘረጋ ነው፤ በእኛ ሰፈር በኩል ከዚያች ጉብታ በቀር ሰው ቆሞ ራቅ አድርጎ የሚያይበት ቦታ የለም። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ደጋው ላይ ይጥልና እኛ ዘንድ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ጎሊናና ሆርማት ድንገት ሞልተው ይወርዳሉ። ደራሹን ጠልፎ ወደ ማሳው ለመመለስ የሚጠብቅ ገበሬ የውሃውን አመጣጥ የሚያየው ከጉብታዋ ላይ ሆኖ ነው፤ ውሃው ከልክ ሲያልፍም ከብቱን የሚያወጣው ወደዚያው ነው። ማሽላው ሲያሽት የግሪሳውን መምጣት አይተው የሚጮኹት ልጆችም እዚያ ይውላሉ። ዝናብ የጠፋ እንደሆነ ሽማግሌዎቻችን ለወዳጃ፣ ማለትም ለጋራ ጸሎት፣ የሚቀመጡት ከጫፏ ላይ በነበረችው ግራር ሥር ነበር። ግራሯ ባለፈው በጋ ወድቃለች፤ ሥሮቿ ከተቆፈረው ገደል ላይ እንደ ገመድ ተንጠልጥለው ሰንብተው አንድ ሌሊት ነፋስ ገነደሳት።

በቅርቡ ስለ ዴንማርክ ሳስተምር የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ ሞለሆይ 170.86 ሜትር ብቻ መሆኑን ብናገር ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሳቁ ሲበርድ የቀረውን ነገርኳቸው። እስከ 2005 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ድረስ ከፍታው 170.35 ሜትር የሆነው ኤየር ባውነሆይ ይበልጣል ተብሎ ሲታመን ኖሮ፣ በዚያ ዓመት በጥንቃቄ ሲለካ የ51 ሴንቲሜትር ብልጫ ተገኘ። ይዲንግ ስኮውሆይ የሚባለው ሌላ ኮረብታ ደግሞ በላዩ ያለው የጥንት መቃብር ቁልል ቢቆጠርለት ሁለቱንም ይበልጥ ነበር፤ ቁልሉ የሰው እጅ ሥራ ስለሆነ ግን አልተቆጠረለትም። አንድ ሕዝብ ለሴንቲሜትር ይህን ያህል መጠንቀቁን ሲሰሙ ልጆቹ ዝም አሉ፤ አንዷ ተማሪዬም «የእኛዋንስ ማን ለካት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። በሳምንቱ ልንለካት ብንሄድ ጫፏ ራሱ በግማሽ ተንዶ ገልባጭ መኪና ሲጭነው ደረስን።

ገረጋንቲ አያስፈልግም አልልም፤ የሚሠራው መንገድ የእኛም መንገድ ነው፣ ክረምት ላይ በጭቃው የምንቸገረውም እኛው ነን። ነገር ግን በደጋው ግርጌ ማንም የማያርሰው ጠጠራማ መሬት ሞልቶ ሳለ፣ ለጥቂት ኪሎ ሜትር የነዳጅ ወጪ ሲባል ለሜዳው ያለችው አንዲት ከፍታ መናድ አልነበረባትም። ነዋሪውም ቁፋሮው መፈቀዱን ያወቀው ማሽኑ ከገባ በኋላ ነው፤ ይህ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖኛል።

ስለዚህ የሚመለከተው አካል ቁፋሮውን አሁን ከደረሰበት እንዲያቆም፣ የተረፈው ክፍል ተለክቶ ዙሪያውን ችካል እንዲተከልለት፣ ወደፊትም የገረጋንቲ ቦታ ሲሰጥ ገበሬው አስቀድሞ እንዲጠየቅ በአክብሮት አመለክታለሁ። ውሳኔው ከክረምቱ ደራሽ በፊት ቢደርስልን፣ ከብቶቻችን ዘንድሮም የሚወጡበት ያገኛሉ።

አንድ የጂኦግራፊ መምህር
ከቆቦ፣ ሰሜን ወሎ