ጉቶውን አትንቀሉት

ውድ የተፋሰሳችን ተጠቃሚዎች ማህበር አባላት፣ እንደምን ከረማችሁ?

የጥር የእርከን ሥራ ደርሷል። ዘንድሮ ግን ከእርከኑ በላይ የሚያሳስበኝ በተከለለው ተራራ ላይ ያለው ጉቶ ነው። እባካችሁ ለማገዶ ብላችሁ አትንቀሉት፤ ሥሩ አልሞተም።

ወላይታ ሁምቦን አስቡ። ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ በአብዛኛው ያገገመው ከነባር ጉቶ ነው። ገበሬዎቹ ከአንድ ጉቶ ከሚበቅሉት ቀንበጦች ጠንካራዎቹን ጥቂት ትተው ሌላውን ይመለምላሉ። ምልምሉ ለማገዶ ይሆናል፤ የቀረው ቶሎ ያድጋል። በማህበር ተደራጅተውም ደኑ ከአየር ስቦ ካከማቸው ካርቦን ሽያጭ ገቢ አግኝተዋል።

ከብት ከገባ ግን ቀድሞ የሚቀነጥበው ለምለሙን ቀንበጥ ነው። ስለዚህ ሣሩን አጭደን እንውሰድ። የጥበቃ ተራ ያለባችሁ አደራ፣ እንዳትቀሩ። ስለታም ማጭድ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት ይዛችሁ ኑ፤ ከላይኛው ጎጥ እንጀምራለን።